ካፒቴኑ በሁለተኛው እሑድ ሞተ

እሑድ ከስምንት ሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በሯን ትዘጋለች። ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያለሰልሰው ሱቁም ሰዉም ወደ ጥላ ይገባል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ካልቸገረው በቀር የሚወጣ የለም። እኛ አራታችን ግን በዚያ ሰዓት ጠፈር ላይ ነበርን።

ጠፈሩ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከቤታችን ሁለት ግቢ አልፎ ያለ የአንድ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ ሳሎን። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሳቸው አዙረው፣ በፌስታል የተጠቀለለውን ሪሞት ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ሪሞቱን ሌላ ሰው አይነካውም። ተከታታዩን ፊልም ማየት የጀመሩት በወጣትነታቸው ነው፤ ካሴቱ ከጅቡቲ በባቡር በሚመጣበት ዘመን። ምድሯ የጠፋባት አንዲት ከተማ በመርከብ ተጭና በከዋክብት መሃል አገር ፍለጋ ትዞራለች። አንድ ካፒቴን ሲሄድ ሌላ ይተካል። ጋሼ አግብተው፣ ልጅ ድረው፣ ጡረታ ወጥተዋል፤ መርከቢቱ ግን አልደረሰችም።

«የኛ ባቡር ይሻላል» ይላሉ። «ቢዘገይም ይደርስ ነበር።»

ከጋሼ ቀኝ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡት አዴ ይቀመጣሉ፤ እኛ ዘንድ እናት የሚጠራው እንዲህ ነው። የፊልሙን ሰዎች ስም ስለማይዙ «ቀዩ»፣ «ረጅሙ»፣ «ያ ጅኒ» እያሉ ነው የሚከታተሉት። በሩ አጠገብ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ጫቱን ይዞ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል። ፊልሙን በፍላሽ አስጭኖ የሚያመጣው እሱ ነው። እኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሥራዬ ከታች የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በአማርኛ ማንበብ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የተዛነፈ ስፌት ስፈልግ ስለምውል ከሰው ጋር መነጋገር ብዙም አይጠበቅብኝም፤ ይህም ይስማማኛል። በጋሼ ቤትም ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ንግግር ከማንበብ በቀር የራሴን አንድ ዐረፍተ ነገር አልተናገርኩም ነበር። የሚታወሰኝ አዴ «ድምፅ! ድምፅ!» እያሉ ጀርባዬን በማራገቢያቸው መታ መታ ሲያደርጉኝ ነው።

ደንባችን በየእሑዱ አንድ ክፍል ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ጋሼ ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ፤ በሳምንቱ ደግሞ «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ይጫናሉ። መግቢያው ላይ ያለፈውን የሚያስታውሰውን ቁራጭ ግን አይወዱትም። «ያየነውን ለምን ያሳዩናል? ደንቆሮ መሰልናቸው?» ብለው ያሳልፉታል።

አዲሱ ሲዝን ሲመጣ፣ በመጀመሪያው እሑድ መርከቢቱ ተነሳች። በሁለተኛው እሑድ ካፒቴኑ ሞተ። እንዲህ በቶሎ ይሞታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አስከሬኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጨለማው ሲለቁት አዴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ማላመጥ አቆመ። በሦስተኛው እሑድ ጋሼ ቁልፉን ሲጫኑ ካፒቴኑ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እየሳቀ ሾርባ ይጠጣል።

«አቦ! ቀብረነው የለም እንዴ?» አለ ባጃጅ ነጂው ብድግ ብሎ።

«ወላሂ ጅኒ ነው» አሉ አዴ። «አየሽው ዓይኑን?»

ጋሼ ፊልሙን አቁመው ወደኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው፣ ምን ትያለሽ?»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ሳምንቱን ማታ ማታ ስለ ካፒቴኑ ሳስብ ከርሜ ነበርና ከአፌ አመለጠኝ፤ «ምናልባት… ከዚህ በኋላ የምናየው ሁሉ ሊሞት ሲል ያስታወሰው ይሆናል። የሞት ሕልሙ።»

ጋሼ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ፕሮፌሰር!»

ስሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ሆነ። ባጃጅ ነጂው በሬ ላይ «ፕሮፌሰር አለች?» ብሎ መጥራት ጀመረ። ደብተር ገዛሁና ማስረጃ መሰብሰብ ያዝኩ። አራተኛው እሑድ ላይ ካፒቴኑ ልጁን በስሟ ሳይጠራት ቀረ፤ ሰው በሕልሙ ስም ይጠፋዋል አልኩ። አምስተኛው ላይ ሰዓቱን አየና ምንም አላለም፤ ለሙታን ሰዓት የለም አልኩ። አዴ በየመሃሉ «ማሻላህ!» ይሉልኛል። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ጅቡቲ አንድ ወዳጅ አላቸው፤ በአንድ ሎኮሞቲቭ ላይ አብረው የሠሩ። ሁለቱ ኩታቸውን አጣፍተው ከባቡሩ ፊት የተነሡት ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አለ። ሰኞ ሰኞ በስልክ ያወራሉ፤ ስለ ፊልሙ ግን ሁለቱም አይተው ሳይጨርሱ ላያነሡ ተማምለዋል። ወዳጃቸው ቀድሞ ጨርሶ እየጠበቃቸው ነበር። ጋሼ በስምንተኛው ሳምንት መታገሥ አቃታቸውና ሕልሙን ነገሩት።

በዘጠነኛው እሑድ ስንገባ ፎቶው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«ጃጅቷል» አሉ ጋሼ ሳንጠይቃቸው። «ካፒቴኑ የሚሞተው መጨረሻ ላይ ነው ይለኛል! ሁለተኛው ክፍል ላይማ ግብዣ ነው ያለው፣ ሾርባ ይጠጣሉ ይለኛል! ‹መርሳት ጀምረሃል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ› አለኝ። እኔን! ፕሮፌሰር፣ በሁለተኛው እሑድ አልሞተም?»

ደብተሬን ገለጥኩ። «ሞቷል ጋሼ። ቀብሩም አለ።»

«በቃ! ሁለተኛ ስልኩን አላነሣም።»

የቀረን አንድ ክፍል ነበር። የመጨረሻው ነው፣ ቀድሜ አይቼው በደንብ ልተርጉመው ብዬ ፍላሹን ተዋስኩ። ቤቴ ገብቼ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ክፍሎቹ ከአንድ እስከ አሥር ተሰልፈው ወጡ። አሥረኛውን ከፈትኩት። ነጭ ጨርቅ፣ ጨለማ፣ ቀብር።

ከዚያ ገባኝ። የጋሼ ቴሌቪዥን ቁጥር አያውቅም። 1ን ካየ በኋላ በ1 የሚጀምረውን ሁሉ ሳይጨርስ ወደ 2 አይሄድም፤ ስለዚህ ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከ10 ቀጥሎ 2ን አውጥቶልናል፤ ጋሼም መግቢያውን ስለሚያሳልፉት ያስጠነቀቀን አልነበረም። እኛ መጨረሻውን በሁለተኛው ሳምንት አይተን ጨርሰናል። ሕልም የሚባል ነገር የለም። ካፒቴኑ ሾርባውን ሲጠጣ በሕይወቱ ነበር። በቀን ስንት መቶ ስፌት የማይ ሰው ሆኜ፣ ይህን የሚያህል መዛነፍ ስምንት ሳምንት ሙሉ ሳደንቅ ከርሜያለሁ።

ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ ለባጃጅ ነጂው ነገርኩት። ከመደንገጡ ብዛት መንገድ ዳር አቆመ።

«አቦ እንዳትናገሪ! ከሳቢያን እስከ ቀፊራ የጫንኩት ሰው ሁሉ ሕልም መሆኑን ያውቃል። አንዱማ ሊከራከረኝ ሲል ‹ፕሮፌሰር ናት ያለችው› ብዬ አስወርጄዋለሁ።»

«ጋሼ ሲከፍቱት ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አይታይህም ነበር?»

«አሥር የሚል አይቻለሁ። የድምፁ መጠን መስሎኝ።»

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ቀፊራ ወረድኩ። አዴ እርድ እየሰፈሩ ሰሙኝ፤ ምንም አልደነቃቸውም።

«እኔማ ያ ደረቱ ላይ የነበረው ቁስል በሦስተኛው ሳምንት የት ሄደ ብዬ ነበር። ድኖ ነው ብዬ ተውኩት፤ ሰው አይድንም?»

«እና ለጋሼ እርስዎ ቢነግሩልኝ?»

«እኔ ቅመም ሻጭ ነኝ የኔ ልጅ። ሕልሙን ያየሽው አንቺ፣ ፈቺውም አንቺ» አሉና አንድ ጭብጥ እርድ መረቁልኝ።

እሑድ ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሜ ገባሁ። በመንገዴ ላይ ንግግሬን አሥር ጊዜ አጥንቼዋለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን አልናገርም ብዬ ወሰንኩ። ምን ቸገረኝ? የቀረንን ዘጠነኛ ክፍል እንደ መጨረሻ አድርጌ አነብበዋለሁ፣ ፕሮፌሰርነቴም ይቀጥላል።

ጋሼ ጓዳ ነበሩ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «መድኃኒት፣ ጠዋት»። በሩ ላይ ሌላ፤ «ቁልፍ፣ ኪስ»። ሪሞቱ ፌስታል ላይ ሳይቀር በእስክሪብቶ «ሪሞት» ተብሎ ተጽፏል። ከጓዳ ሲወጡ ወረቀቶቹን እንዳየሁ ተረዱና አፈሩ።

«ለማንኛውም ነው» አሉ። «አርባ ዓመት ከሚያውቅሽ ሰው እንዲህ ሲባል… ደግሞ እናንተም ለኔ አዝናችሁ እሺ እያላችሁኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።»

ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝ። «ጋሼ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ ሲሉኝ የከረሙት አዴ በር ላይ ሆነው ሰሙኝ፤ ያን ያህል ጮኼ ነበር። ላፕቶፑን ከፈትኩ። በጣቴ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ሕልሙም ውሸት፣ ሰዓቱም ውሸት፣ የልጁ ስምም ውሸት አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ብዙ አዩት።

«ፉርጎ ቁጥር አሥር ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ገብቷል» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔም ያየሁትን አይቻለሁ።»

«አዎ። በትክክል ያዩትን ነው የተናገሩት።»

ተነሥተው ከፍሪጁ ላይ ወረቀቱን ቦጨቁት። ቀጥለው የበሩን። የሪሞቱን ጽሑፍ በምራቃቸው ሊያጠፉ ሞክረው እምቢ አላቸው። ባጃጅ ነጂውም ሲደርስ ስልካቸውን አንሥተው ደወሉና ድምፁን ለቀቁት።

«ማን ልበል?» አለ ከጅቡቲ አንድ የደነደነ ድምፅ። «እንኳን እኔን አስታወስክ!»

«ዝም ብለህ ስማ! የመጨረሻው ፉርጎ ሁለተኛ ሆኖ ተቀጥሎ ነው የመጣልኝ።»

«ማን ቀጠለው?»

«ቴሌቪዥኑ።»

«ሹፌሩስ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሹፌሩ እኔ ነበርኩ።»

ባጃጅ ነጂው ከዚያ በፊት ጋሼ ጥፋታቸውን ሲያምኑ ሰምቶ ስለማያውቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከወዲያ በኩል ሳቅ መጣ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ሁላችንም ጠበቅን።

«ያቺን ፕሮፌሰር አገናኘኝ» አለ ሰውዬው።

ስልክ ከማናገር ወለል ማጠብ እመርጣለሁ። ግን ተቀበልኩ።

«ልጄ፣ እኔ ተርታውን ጠብቄ ነው ያየሁት። ጎበዝ ካፒቴን ነበር፣ ሞተ፣ አለቀ። ያንቺ ሕልም ግን እንቅልፍ ነሣኝ። የልጁን ስም የረሳው የትኛው ላይ ነው?»

ደብተሬን ገለጥኩና ነገርኩት።

ዘጠነኛውን ክፍል አየን፤ ጋሼም አሥረኛውን በቦታው ደግመው አዩት፤ በሁለተኛውም ቀብር አዴ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፎቶው ፊቱን መልሷል። ወዳጃቸው ግን እስከ ዛሬ በኛ ተርታ እያየ «ሕልም ነው» ይላል፣ ጋሼ «አይደለም» ይላሉ፣ ሰኞ ሰኞ ይጨቃጨቃሉ።

አዲሱ ሲዝን ሲመጣ ፍላሹን ቀድሜ ወሰድኩና ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች ፊት ዜሮ ጻፍኩ። እንዲህ ከሆነ ቴሌቪዥኑ አይሳሳትም። ጋሼ አይተው «ደግ አደረግሽ፣ ፉርጎዎቹ ይሰለፉ» አሉ። አዴ ግን በማራገቢያቸው ጀርባዬን ነካ አደረጉኝና በጆሮዬ «አንዱን ብቻ ሳታስተካክዪ ተይልን» አሉ።