የአክስቴ የክፉ ቀን እንሰት

አክስቴ በድላኛለች። የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት ልካ፣ ወላጅ የሌለኝን እኔን ቡና ለቀማ አስቀረችኝ። «የሁለት ልጅ ደብተር አቅሜ አይደለም» አለች፣ አለቀ። ፊደል የቆጠርኩት ዲላ ገብቼ፣ ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ሞተች ብዬ ይህን አልደብቅም።

ኢዲዶ መንደር ባለው ቤቷ ክብሪት እንኳ በዋዛ አይጫርም ነበር። ፍሙን ማታ አመድ ታለብሰዋለች፣ ጠዋት እፍ ትለዋለች። ከጓሮው እንሰት ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁን ሳታስነካ ታቆያለች። እሱ አርጅቶ ሲቆረጥ ሌላው በቦታው ይሾማል። ጭጋግ ሲወርድ ግንዱ ይጠፋና ቅጠሉ ብቻውን ከጣሪያው በላይ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ርቦኝ ሽቅብ ሳየው፣ «ዓይንህን ከሱ ላይ አንሳ፤ ለክፉ ቀን ነው» ትለኛለች።

ከመሞቷ በፊት ሽማግሌዎች ሰብስባ አስጠራችኝ። የሄድኩት ልጣላት ነበር። እሷ ግን ከአልጋዋ ሆና ትልቁ እንሰት እንዲቆረጥ አዘዘች።

«ለክፉ ቀን ነው ስትይ አልነበር እንዴ?» አልኳት።

«ያንተ ክፉ ቀን እኔ ነበርኩ፣ ልጄ» አለች። «በል ብላ።»

ሥሩን ቀቅለው አቀረቡልን። ከአንድ ቅጠል ላይ አብረን በላን፤ እሷ እንደ ልማዷ ትንሽ ቆረሰች።

አሁን እዚያ ጓሮ ስቆም ቅጠል በነበረበት ሰማይ ይታየኛል። ጭጋጉ ሲያልፍ ድምጿን የሰማሁ ይመስለኛል፤ የምቆጣት ሴት ግን የለችም።

እኔና እሷ የታረቅነው ባለፈው ጥቅምት፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው።