በቀኝ የጀመረው ካታ

አቡጀዲ በእጅ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ አንድ ነው፤ ለሠርግም ይቀደድ ለቀብር። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን አርፈው ከፈናቸው ሲዘጋጅ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አዘጋጁ የጨርቁን ጠርዝ በመቀስ ጥቂት ነካ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። ያ ረጅም፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎም ውኃ ያልነካው አዲስ አቡጀዲ የሚሸተው ሽታ መጣ። ከዚያ በኋላ ለተደረገው ዱዓ ከሌሎች ጋር አሚን አልኩ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ደሴ ነበርኩ፤ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በደርግ ዘመን፣ ከድርቁ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በኋላ።

ስለዚያ ጊዜ ሳወራህ ጥንቃቄ ባበዛ አትቀየመኝ። ከማስታውሰው ውስጥ የትኛው በዓይኔ ያየሁት፣ የትኛው ዓመታት የጨመሩበት እንደሆነ መለየት ይቸግረኛል። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ስደርስ እነግርሃለሁ።

ልብስ ሰፊው የካራቴ መምህራችን ነበሩ። በዕድሜ የሚበልጡን በአሥራ አምስት ዓመት ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ባለትዳርና የልጆች አባት፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ስለነበሩ ጋሼ እንላቸው ነበር። የጃፓኑን የመምህርነት ስም ልንሰጣቸው ሞክረን ከልክለውናል፤ እሱ ለተማረ ሰው ነው አሉን። በወጣትነታቸው አሥመራ ለስፌት ሥራ በሄዱበት ጊዜ ለጥቂት ወራት ቡጢና እርግጫ ተለማምደዋል። የቀረውን ያገኙት ከመጽሐፍ ነው።

ልብሳችንን የሰፉልን እሳቸው ናቸው፤ ከአቡጀዲ፣ ጉልበቱና ክርኑ ድርብ ሆኖ። ቀበቷችንም ከዚያው ጨርቅ ነበር። ማዕረግ ባገኘን ቁጥር አዲስ ቀበቶ አንቀበልም፤ ያንኑ ነጩን ወስደው በቆርቆሮ በፈላ ቀለም ቢጫ ያደርጉታል፣ በሌላ ዓመት አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ። ላብ ሲያገኘው ቀለሙ ይለቅና በልብሳችን ወገብ ዙሪያ ክብ ምልክት ይተው ነበር። እሳቸው የሚያስተምሩት ቡናማ ታጥቀው ነው። ጥቁሩን ለመታጠቅ በፈታኝ ፊት መቆም ያስፈልጋል፤ ፈታኝ ደግሞ ደሴ አልነበረም።

ልምምዳችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በባዶ እግር ሲቆሙበት ብርዱ እስከ ጉልበት ይወጣል። በመስኮቱ ስባሪ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ይገባና በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን መፈክር ያደበዝዘዋል። ከሁሉ አብልጠን የምንሠራው ካታ ነበር። ካታ ከማይታይ ባላጋራ ጋር የሚደረግ ውጊያ ነው፤ እርምጃው፣ መዞሪያው፣ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ማንም ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በዚያ ዘመን ለእኛ ይህ የእስር ያህል ሊከብደን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የሚያሳርፍ ሆኖ አገኘነው። የሚቀጥለው እርምጃ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የምናውቅበት ሌላ ቦታ አልነበረንም።

መጽሐፉ የሌላ ሰው ነበር። ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ሌላ ቡድን የሚያሠለጥን አንድ መካኒክ ነበረ፤ ለጋሼ ለአንድ ሳምንት አዋሳቸው። ጋሼ እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ የልብስ ቅድ በሚያወጡበት ስስ ወረቀት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያስደገፉ ገለበጧቸው። እርሳሱ ለስላሳ ስለነበረ እጅ በነካው ቁጥር ይደበዝዝባቸዋል። መላ መቱ፤ የተሣለበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙረው አዳራሹ ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ጣውላ ለጠፉት። ወረቀቱ ስስ ነውና መስመሩ ከጀርባው ጥርት ብሎ ይታያል፣ እጅም አይነካውም። ልብስ ሰፊ ለሆነ ሰው ወረቀት መገልበጥ ምንም ማለት አይደለም፤ የግራውን እጅጌ ያወጣበትን ወረቀት ገልብጦ የቀኙን ያወጣበታል። በዚህ ምክንያት ወደ ግራ በመዞር የሚጀምረውን፣ ሄያን የሚባለውን የመጀመሪያ ካታ አራት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ እየዞርን ጀመርነው፤ የቀረውም ሁሉ እንዲሁ ተገልብጦ ቀጠለ።

ማንም ያላወቀው ለምን እንደሆነ ትጠይቀኝ ይሆናል። ስሕተቱን የሸፈነው የስልት ልዩነት ነው። እኛ ሾቶካን ነን እንል ነበር፤ እግራችንን አርቀን ዝቅ ብለን እንቆማለን። የኮምቦልቻው መካኒክ ሺቶ ሪዩ ነበር፤ የእነሱ አቋቋም ከፍ ያለ፣ እርምጃቸው አጭር ነው፤ እኛ ሄያን የምንለውን እነሱ ፒናን ይሉታል። ሁለቱ ቡድኖች ተገናኝተው ልዩነት በታየ ቁጥር አንዱ ትከሻውን ነቅንቆ የስልት ጉዳይ ነው ይላል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጋሼን ጠርቶ፣ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት ወረቀት ካላመጡ አዳራሹን እንደሚዘጋ ነገራቸው። ወረቀቱ የሚሰጠው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፈታኝ ኮምቦልቻ ላይ ቡድኑን አይቶ ሲመሰክር ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ፊታቸው እንደ ወትሮው የረጋ ነበር። ወጣት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ መገኘቱ በራሱ በሚያስጠረጥርበት ጊዜ ያ አዳራሽ ብቸኛ መጠጊያችን ነበር። ስማችን በስፖርተኛነት ቀበሌው ዘንድ እስካለ ድረስ ለብሔራዊ ውትድርና ቶሎ እንደማይጠሩን ጋሼ ያምኑ ነበር። ይህ እውነት ይሁን የእሳቸው ተስፋ ዛሬም አላውቅም።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አክስቴን ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወረድኩና መካኒኩ ዘንድ ጎራ አልኩ። መጽሐፉ ከመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የግራሶ ጣት አርፎበታል። ገልጬ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር፤ የግራ እግር ይላል፣ ወደ ግራ ይላል። ሥዕሉን አየሁ፣ ገጹን ደግሜ አየሁ። መካኒኩን አንዳች ሳልጠይቅ ዘግቼ አስቀመጥኩት።

ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ታላቅን ማረም ነውር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አራት ዓመት የተማረውን ሊረሳ አይችልም፣ ስነግራቸው የማተርፈው ማስደንገጥ ብቻ ነው አልኩ። ምክንያቶቹ መጥፎ አልነበሩም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ከቤታችን ጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ጥግ፣ ትክክለኛውን ለብቻዬ እለማመድ ነበር። ለእሳቸው ክብር ብዬ ዝም ያልኩ ሰው ለምን ተለማመደ? ይህንን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንሥቼ ሳልመልሰው አስቀምጬዋለሁ።

በፈተናው ጧት በአውቶቡስ ወረድን። ጋሼ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ብርዱ በየመዞሪያው እየሳሳ ሄደ፤ ከታች የቦርከና ሜዳ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጋሼ የልብሳችንን ጥቅል ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር፤ ሌሊት የሁላችንንም ተኩሰውት ነበርና ገና የካውያ ሽታ አለው። ሦስት ጊዜ ያህል ለመናገር አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። ምናልባትም አልከፈትኩም፤ ይህ በኋላ ለራሴ የሰጠሁት ማጽናኛ ሊሆን ይችላል።

የኮምቦልቻ ልጆች በር ላይ ጠበቁን። ሹራብ ደራርበን ስላዩን አንዱ፣ «ደሴዎች፣ ሹራቡን ታወልቃላችሁ ወይስ እሱም የስልታችሁ ነው?» አለ። ጋሼ ሳይቀሩ ሳቁ።

ፈታኙ ቁመተ አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። በሁለት ረድፍ ቆምን፤ ጋሼ ከፊተኛው ረድፍ ዳር፣ እኔ ከመካከል። ከጓዶቼ ጋር ወደ ቀኝ ለመዞር ወስኜ ነበር። መወሰኔን እርግጠኛ ነኝ ለማለት ምንም አልቀረኝም። ፈታኙ በጃፓንኛ አንድ ብሎ ሲቆጥር አሥራ አንዱም ወደ ቀኝ ዞሩ፤ እኔ ወደ ግራ ዞርኩ። በግራዬ ከነበረው ጓደኛዬ ጋር ፊት ለፊት ገጠምን፤ ክንዴ ከክንዱ ተጋጨ። በግድግዳው ሥር ተደርድረው ከነበሩት የኮምቦልቻ ልጆች ሳቅ ተነሣ።

ፈታኙ እጁን አነሣ። እኔን ለብቻዬ አሠራኝ። ከዚያ ጋሼም እንዲሠሩት ጠየቃቸው። ጋሼ ወደ መሐል ወጥተው ካታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠሩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ የተባሉ ሰዎች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የጸዳ አላየሁም። አቡጀዲው በየቡጢው ጫፍ ይጮኽ ነበር። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ ሁሉም ነገር ግን የተገለበጠ ነበር። ሲጨርሱ ፈታኙ፣ «ከመስታወት ነው እንዴ የተማሩት?» አላቸው። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ጋሼ እኔን ተመለከቱኝ፤ ወዲያውም ተመልሰው ወለሉን አዩ።

ውሳኔው ከጠበቅነው የቀለለ ነበር። ፈታኙ ለሦስት ወር የሚያገለግል ወረቀት ጻፈልን፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ካታውን ከፊት ቆሜ የማስተምረው እኔ እንድሆን ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ያያል። ቡናማ ቀበቶም ፈቀደልኝ። ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና አመሰገኑት።

ስንመለስም ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ዳገቱን አጋምሰን ነበር መሰለኝ ሲናገሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

ሦስት ሳምንት ሆነኝ አልኩ። አውቶቡሱ ማርሽ ሲቀይር ቆየ።

«ጧት ሐረጎን ስንወርድ አጠገቤ ነበርክ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድን ነገር በቦታው እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር የተናገሩት። ደሴ ልንገባ ስንል ደግሞ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው፣ «አብሽር፣ ወላሂ አልተቀየምኩህም። አዳራሹ አልተዘጋብንም» አሉኝ።

በዚያ ሳምንት ቀበቶዬን ራሳቸው ቡናማ ነከሩልኝ። ቅዳሜ ስደርስ ሥዕሎቹ ከጣውላው ተልጠው ነበር፤ የሙጫው ቦታ ብቻ ይታያል። ጋሼ ከመጨረሻው ረድፍ ዳር፣ ነጭ ቀበቶ ከታጠቁት ጀማሪዎች ጋር ቆመዋል። እዚያ የቆሙት ከፊት እንድወጣ መንገድ ለመስጠት መስሎኝ ጠበቅኩ። «ይጀምሩ እንጂ፤ እየጠበቅንዎ ነው» አሉኝ። በአዳራሻችን ከፊት የቆመ ሰው ታናሽም ቢሆን አንቱ ይባላል፤ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ቀድሞ ለጨዋታ ያህል እየተሳሳቅን እንጠራራበት ነበር። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም።

ቆጠርኩ። ሌሎቹ እየተደናቀፉም ቢሆን ወደ ግራ መዞር ጀመሩ። ጋሼ ግን አልቻሉም። ቁጥሩን ከጠራሁ በኋላ ትንሽ ይዘገያሉ፤ አጠገባቸው ያለው ልጅ የትኛውን እግር እንዳነሣ በዓይናቸው ያያሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን ያነሣሉ። ልምምዱ ሲያበቃ ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉና፣ «እግሬ ቆየብኝ፤ ይታገሡኝ» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም። የማትሪክ ፈተና ደርሶብኛል አልኩ፤ ደርሶም ነበር። በሚከተለውም አልሄድኩም። ሱቃቸው ባለበት መንገድ ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ጋሼ አላስጠሩኝም፣ ቤት ድረስም ሰው አልላኩም። ሦስት ወሩ ሲሞላ ወረቀቱ ሳይታደስ ቀረና አዳራሹ ተዘግቶ የእህል መጋዘን ሆነ። በዚያው ዓመት ከጓዶቼ ሁለቱ ለውትድርና ተወሰዱ፤ አንዱ ተመለሰ። አዳራሹ ባይዘጋ አይወሰዱም ነበር ብዬ ልነግርህ አልችልም፤ አይደለም ብዬም ልምልልህ አልችልም። እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ከዓመታት በኋላ ደሴ ስመለስ ሱቁ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ጋሼ ወደ ሐርቡ ወርደዋል ያለኝም አለ፣ ወደ ደጋን ያለኝም አለ። አልተከታተልኩም።

ከውትድርና የተመለሰው ክንዴ ከክንዱ የተጋጨው ያ ጓደኛዬ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተገናኝተን ሻይ ስንጠጣ ስለ እነዚያ ቅዳሜዎች ነገረኝ። አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ጋሼ ከመጨረሻው ረድፍ አልተነሡም አለ። ከዚያው ከኋላ ሆነው በጃፓንኛ ይቆጥሩላቸዋል፤ ራሳቸውም ከነጭ ቀበቶዎቹ ጋር ወደ ግራ መዞርን ይለማመዳሉ። ከቡናማዎቹ አንዱ ወደፊት ወጥቶ ባዶውን ቦታ ሊይዝ ሲል ይከለክሉታል፤ «ተወው፣ ቦታው ባለቤት አለው፤ ይመጣሉ» ይሉታል። በመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች እግራቸው ታርሞ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ከሁሉ ቀድመው ወደ ግራ ይዞሩ ነበር አለኝ።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። ቢሆንም ከዚያ ዘመን ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ይህ ነው፦ ጭጋጉ በመስኮቱ ገብቶ፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ቆመው፣ ጋሼ ከኋላ ሆነው ይቆጥራሉ፤ ከፊት ያለው ሲሚንቶ ባዶ ነው።