የማይጮኸው ጠሪ

ቆቦ መናኸሪያ ውስጥ ሙሀመድሰይድ ብትል ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ሙሄ ነው የሚለው፤ ከእሱ የሚያንሱት ደግሞ አያ ሙሄ። ሥራው መኪና መጥራት ነው። ወልድያ፣ ጎብዬ፣ ዋጃ፣ አላማጣ እያለ ሰው ይሞላል። ጠሪ ሲባል መቼም ጉሮሮው የሰፋ፣ ጨዋታ የማያልቅበት፣ የሰው ሻንጣ ነጥቆ የሚሮጥ ነው የሚታሰበው። ሙሄ እንደዚያ አይደለም። ድምፁ ከአፉ ወጥቶ ክንድ አይርቅም። ሰው ትኩር ብሎ ካየው ዓይኑን ጫማው ላይ ይጥላል።

ሲጀምርም ጠሪ አልነበረም። በጎረምሳነቱ የመኪና ጣራ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ጭነት ነበር የሚያስረው። የማሽላውን ጆንያ፣ የሽንኩርቱን ኬሻ ከታች ይቀበላል፣ በገመድ ጠፍሮ ያስራል፣ ዝም ይላል። ጣራ ላይ የሚያናግረው ስለሌለ ሥራውን ይወደው ነበር። በዚያን ጊዜ ከቆቦ የሚነሳ መኪና እምብዛም ነው። ከሰሜን የሚመጣው ትልቁ አውቶቡስ ረፋዱ ላይ ይደርሳል፤ ቦታ ካለው ያነሳል፣ ከሌለው ሰዉን አቧራ አልብሶ ያልፋል። መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳይሳካለት ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ በነጋታውም ስንቁን ይዞ የሚመጣ ብዙ ነበር።

ኋላ ከቆቦ ወልድያ የሚመላለስ ቅጥቅጥ መጣ። አንድ ቀን ታዲያ የቅጥቅጡ ጠሪ ታሞ ቀረና ሾፌሩ ሙሄን ከጣራ አስወርዶ ጥራ አለው። ሙሄ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሰው ሳቀ። ቆሞ መሳቂያ ከመሆን ይሻላል ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሰው ወደ ሰው ይሄድ ጀመር። አንዷ ጋ ጎንበስ ይላል፣ ወዴት እንደምትሄድ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፣ እጇን ይዞ ያስገባታል። ከግንቡ ጀርባ ጥላ ፈልገው የተቀመጡትን፣ ከቆላው ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ መጠየቅ ያፈሩትን፣ አማርኛው ያልቀናቸውን ሁሉ እየዞረ አገኛቸው። እሱም ዓይን አፋር ስለሆነ ዓይን አፋር የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ቅጥቅጡ ከሌላው ቀን ፈጥኖ ሞላ። ሾፌሩ ከዚያ ወዲያ ጣራ እንዳትወጣ አለው።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ስንት ዓመት ሠራ። ትምህርቱ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ታፔላ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚያየው ካለ ያላነበበ መስሎ ዘወር ይላል። መስመሩን ግን በቃሉ ነው የያዘው። የወልድያው መኪና የጎብዬን ሰው አንስቶ መንገድ ላይ ያወርዳል። የአላማጣው የዋጃን ሰው ይዞ ይሄዳል። ማን ሐኪም ቤት ሊሄድ እንደመጣ፣ ማን ፍርድ ቤት ቀጠሮ እንዳለው፣ የማን ልጅ ጎብዬ እንዳገባች ሁሉ ያውቃል።

መስመሩ ግን አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም። በመሃል ባቡር ይመጣል ተባለ። በሜዳው ላይ አፈር ተከምሮ እንደ ረጅም ግንብ ተዘረጋ። ሾፌሮቹ ተሸበሩ፤ ዋሲሁን የሚባለውማ ሚኒባሱን ሊሸጥ ገዢ ማፈላለግ ጀምሮ ነበር። ሙሄም አንድ ዓርብ ከሶላት ሲወጣ በእግሩ ሄዶ የተከመረውን አፈር አየ። ባቡር ጠሪ አያስፈልገው ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ባቡሩ ሳይመጣ ቀረ። አፈሩ ላይ ሣር በቀለበት፤ ፍየሎች ይወጡበታል። ከዚያ ደግሞ የሰሜኑ መንገድ የተዘጋበት ክፉ ጊዜ መጣና መኪናው ሁሉ ቆቦ ላይ እየዞረ ተመለሰ። ያን ጊዜም ሰዎች ወደ ሙሄ እየመጡ የአላማጣ መኪና ዛሬም የለም ወይ ይሉት ነበር። አላማጣ ልጁን የዳረ አለ፣ ዋጃ እናቱን የተወ አለ። ዛሬ የለም ማለት ሥራው ሆነ። እሱንም እንደ ሌላው በጆሯቸው ነበር የሚነግራቸው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው መናኸሪያው ከመሃል ከተማ ወደ ዳር የወጣው። አዲሱ ግቢ ሰፊ ነው። በመሃሉ መስታወት ያለው ትንሽ ክፍል አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ማይክ፣ ምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያ። መስመሩም ተቀየረ። ከእንግዲህ የወልድያው መኪና ቀጥታ ነው፣ መንገድ ላይ አያወርድም፤ ጎብዬ የራሷ ሚኒባስ ተመደበላት። ወደ ዋጃም እንደዚያው።

የስምሪት ኃላፊ ሆና የመጣችው ሊድያ ከደሴ ነው የተቀጠረችው። ሰው አክባሪ ናት፤ ሙሄን በሙሉ ስሙ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት። ጠሪዎቹን ሰብስባ ከእንግዲህ በግቢው ውስጥ ሰው መጎተት እንደማይፈቀድ፣ ጥሪው በሙሉ በማይክ እንደሚሆን አስረዳች። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነው። መስመሩን በቃሉ የሚያውቀው ሙሄ ነው ስላሏት፣ አንድ ሳምንት ይሞክር፣ ካልሆነለት ግን ሌላ ሰው እንደምትተካ ነገረችው። ሙሄ እሺ አለ። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም። ጣራ ላይ የሚወጣበት ጉልበትም አልቋል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ ሹክ አለበት። ከምሰሶው የሚወጣው የትንፋሹ ድምፅ ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ተንከተከቱ።

«አያ ሙሄ» አለው ዋሲሁን በመስታወቱ በኩል ብቅ ብሎ፣ «ለማይኩ ሚስጥር ነው እንዴ የምትነግረው? ለኛም አካፍለን እንጂ።»

ሙሄም ፈገግ አለ፤ ማታውን ግን እራት አልበላም። ሚስቱ ኢልሀም ምን ሆነህ ብትለው ጉሮሮዬን ነው አላት።

በአምስተኛው ቀን ገበያ ነበር። ግቢው በሰው ተሞላ። ሙሄ ቢስሚላህ ብሎ ዓይኑን ጨፈነና ጮኸ። «ወልድያ! ወልድያ የሚሄድ!» ድምፁ ከምሰሶው ወጥቶ ግቢውን ሲሞላው እሱ ራሱ ደነገጠ። ሊድያ ከቢሮዋ ወጥታ አውራ ጣቷን አሳየችው። ደግሞ ጮኸ። ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ደስ ግን አለው።

በመስታወቱ ውስጥ እማማ ኡሙልኸይርን አያቸው። ባልቴት ናቸው፤ ጎብዬ ወንድም ነበራቸው፣ ሲታመም ሲመላለሱ ሁልጊዜ የሚያሳፍራቸው ሙሄ ነው። ወንድምየው በቅርቡ እንደሞተም ሰምቷል። ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ወልድያው መኪና ሲራመዱ አየ። ሐኪም ቤት ይሆናል አለ በልቡ። መስታወቱን አንኳኩቶ ቢጠይቃቸው ጥሪው ሊቋረጥ ነው፤ ጥሪው ሲቋረጥ ደግሞ ሊድያ ታያለች። ተወው። ወልድያ አለ እንደገና።

እማማ ኡሙልኸይር ግን ለወንድማቸው ሰደቃ ጎብዬ ነበር የሚሄዱት። ወልድያ ሲባል ሰሙ፤ ጎብዬ መንገድ ላይ ናት፣ ሃያ ዓመት በወልድያ መኪና ነው የሄዱት። ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጎብዬ ሲደርሱ ወራጅ አሉ፤ ሙዚቃው ዋጠው። ሲሰሙላቸው ከተማዋ አልፋለች። ያን ቀን የሚነዳው ዋሲሁን ነበርና፣ እዚህ ፀሐይ ላይ አውርዶ ከሚጥላቸው ስመለስ ላድርስዎት ብሎ ለምኖ ወሰዳቸው። ወልድያ ላይ ደግሞ ተራ ጠበቀ። ጎብዬ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዱዓው አልቆ ሰዉ ተበትኗል።

ይህን ሁሉ ዋሲሁን ነው ማምሻውን የነገረው። እየሳቀ ሊነግረው ጀምሮ የሙሄን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው።

በነጋታው እማማ ኡሙልኸይር በጎብዬው ሚኒባስ ተመለሱ። ሙሄ ከመስታወቱ ክፍል ወጥቶ ሄዶ ተቀበላቸው። ምን ብሎ እንደሚጀምር ስለጨነቀው ዘንቢላቸውን ተቀብሎ ቆመ። እሳቸውም አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለው ነበር።

«የአንድ እናት ልጅ ነበር» አሉት። «ታላቅ እህቱ እኔ ነኝ። ሲጠብቁኝ ቆይተው፣ ሰዓቱ ሲገፋ አደረጉት።»

«አውፍ በሉኝ እማማ። ሲገቡ አይቼዎታለሁ።»

«አየኸኝ?»

«አየሁዎት። ወልድያ የሚሄዱ መሰለኝ።»

«አንተማ ወዴት ነዎት ሳትለኝ ስትቀር» አሉ፣ «ሁሉም እንደ ድሮው ነው፣ ምን ያስጠይቀዋል ብዬ ነው የገባሁት።» ዘንቢላቸውን ከእጁ ተቀብለው ወደ ባጃጁ ሄዱ።

ሙሄ ወደ ማይኩ አልተመለሰም። የሊድያ ቢሮ በር ላይ ቆመ። ይግቡ ብትለውም እዚያው ቆሞ፣ ያን ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ እየተንተባተበ፣ የረሳውን እየተመለሰ። ዋሲሁን ጥፋት እንደሌለበት፣ መስመሩም እንደተነገረው መሄዱን፣ እያየ ዝም ያለው እሱ መሆኑን ነገራት። እሷ ለማንም ያልደረሰ አቤቱታ በራሱ ላይ ይዞ የሚመጣ ሰው አይታ አታውቅም መሰል፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ትናንት እኮ በጣም ጥሩ ነበር የጠሩት፣ ጋሽ ሙሀመድሰይድ።»

«እሱ ነው የበደለኝ» አላት። «ስጮህ ሰው አይታየኝም። ማይኩን ለሌላ ስጪው። እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜ ሰዉን ወዴት ነው ልበል።»

ሊድያ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ የሚባል መደብ እንደሌለ እውነቱን ነገረችው። መደቡ ያለው ለማይኩ ነው፤ እሱን ከተወ በምን ስም እንደምታቆየው አታውቅም። ሙሄ ጫማውን አየ። ግን ማይኩን እንደገና እይዛለሁ አላለም። ቤቴ ልሂድ ወይስ በሩ ላይ ልቁም ብቻ አላት። እሷም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በሩ ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጠይቄ ነው የማውቀው አለችው።

ማይኩን ብዙነሽ ያዘችው። ትኬት ትቆርጥ የነበረች ናት፤ ድምፅዋ ዋጃ ድረስ ይሰማል ይሏታል። ሙሄ በሩ ላይ ቆመ። ወሩ እስኪያልቅ ቀኑን ይቆጥር ነበር፤ ማታ ማታ ኢልሀም ምን አሉህ ትለዋለች፣ ገና ነው ይላታል።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሊድያ ወረቀት ይዛ መጣችና ዋጃ አብረን እንሂድ አለችው። የዋጃው ሚኒባስ መንገድ ላይ የት የት እንደሚያቆም ልትወስን ነው። በወረቀቱ ላይ ማቆሚያዎቹ እኩል እኩል ተራርቀው ተሠምረዋል። ሙሄ ከፊት ጋቢና ተቀምጦ ሄዶ ስለማያውቅ ከኋላ ሊገባ ሲል፣ እዚህ ነው ቦታዎ አለችው።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ተብሎ የተሠመረው ቦታ ሲደርሱ አቆሙ። ግራ ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው፤ ሰው የለም። ሊድያ ወደ ሙሄ ዞረች። ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከቆላው የሚመጡት እዚህ አይወጡም፣ ወንዙን ይዘው ነው የሚመጡት አላት። ትንሽ ሄደው አንዲት የቁርቁራ ዛፍ ሥር አቆሙ። የእግር መንገዱ ከማሳው ወጥቶ አስፋልቱን የሚነካው እዚያ ነው። ከዛፏ ሥር ሁለት ሴቶች የቲማቲም ሳጥን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ማን ነገራችሁ እዚህ እንደሚቆም?» አለቻቸው ሊድያ።

«ኧረ ማንም» አለች አንደኛዋ። «ሁልጊዜም እዚህ ነን።»

ሊድያ ወረቀቷ ላይ ያለውን ሰረዘችና ሌላ ጻፈች። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ከእሷ ስም ቀጥሎ የእሱን አሰፈረች፤ ሙሄ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። በሩ ላይ ለሚሠራው ሥራ መደብ እንደጠየቀች፣ መልሱ ገና እንዳልመጣ፣ እስኪመጣ ግን የትም እንዳይሄድ ነገረችው። ሾፌሩ የሴቶቹን ሳጥን ጭኖ ሲጨርስ፣ ቀጣዩስ ወዴት ነው አላቸው። ሙሄ በእጁ ወደፊት አመለከተ፤ ሾፌሩም ማርሽ አስገባ።