«ማሽኑ ካልጮኸ ምንም የለም»

ዛሬ ጠዋት እዚህ መተማ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጓሮ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር ዶማው ከጣሊያን ጊዜ ቦምብ ጋር ተላተመ። እግዜር ነው ያተረፈን!

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ትናንት ከመቆፈሩ በፊት እንዲፈትሽ የተጠራ፣ ብረት ፈላጊ ማሽን የያዘ ሰውዬ ግቢውን ዞሮ «ማሽኑ ካልጮኸ ምንም የለም፤ ቆፍሩ» ብሎ ሄዷል። ማሽኑ ለቆርኪና ለዛገ ሚስማር ግን እሪ ሲል ነው የዋለው።

ደወልኩለት። «ማሽኔ አይሳሳትም፤ ቦምቡ ነው ጠልቆ የተቀበረው» አለኝ። ጥፋተኛው ቦምቡ ሆነና አረፈው!

ታዲያ ማሽኑ ጠልቆ ያለውን እንደማያይ እያወቀ ምን ሲል «ቆፍሩ» አለ?

እትዬ ዘነቡ «ዶማውን የያዘው እኮ ልጄ ነው» እያሉ ልጃቸውን አቅፈው አልለቅም ብለዋል። ፖሊስ ግቢውን አጥሮ እኛን መንገድ ዳር አስወጥቶናል።

ማሽን «የለም» ብሏችሁ የተገኘባችሁ ካላችሁ፣ ሌላ ሰው አምኖ ሳይቆፍር እባካችሁ እዚህ ጻፉ።