በጋሼ ሸምሱ ሬዲዮ የመጣው የአባቴ ድምፅ

የሙጫና የመበየጃ እርሳስ ጭስ ከስልክ ጠጋኞች ደጃፍ ሲሸተኝ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም አባቴ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የካ ሚካኤል ቤታችን ውስጥ፣ በጋውን ሙሉ መበየጃ ብረቱን ከሰል ፍም ውስጥ እያጋለ፣ ከእንጦጦ የለቀመውን የጽድ ሙጫ እያስነካ፣ ከሞተው ሬዲዮ የፈታውን ለታመመው እየገጠመ ይውል ነበር። እኛ ልጆች ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሞቅ ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮ መስማት ይቻላል፤ በሬዲዮ መናገር ግን ያስገድላል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ አባቴ ከአንድ ቁራሌው ሁለት የመኪና መነጋገሪያ ሬዲዮ ገዝቶ መጣ፤ የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ሹፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ዓይነት። ግማሽ ሆዳቸው ተዘርፎ ነበርና ከሌሎች ሬዲዮዎች እየፈታ ሞላላቸው። አንዱን ለታናሽ ወንድሙ ለጥላሁን ሰጠው። አጎቴ ጥላሁን እንጦጦ ማርያም አጠገብ የባሕር ዛፍ ጥበቃ ነበር፤ ብቻውን ያድራል፣ ጊዜውም ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ነው።

እናቴ፣ «ሰውዬ፣ ልጆቼን አባት ልታሳጣቸው ነው?» አለችው።

«ወንድሜ በሕይወት ማደሩን በምን ልወቅ ታዲያ?» አላት፤ ግትር ነበር፣ እኔም የወጣሁት በሱ ነው።

አንቴናው የልብስ ማስጫ ሽቦ ነበር፣ ጫፉ ከጎረቤታችን ከጋሼ ሸምሱ ግድግዳ ጋር የታሰረ። ሰው እንዳይጠረጥር እናቴ ዝናብም ቢሆን አንድ ጨርቅ አታጣበትም ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሲል፣ እኛ ከአልጋው ላይ ትንፋሻችንን ይዘን የበሩን ኮቴ እናዳምጥ ነበር።

ድምፁ ግን ዳገቱን እየደከመ ይወጣ ነበርና፣ መስከረም ላይ አባቴ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ አንድ ዕቃ ፈትቶ ጨመረበት። እሑድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ የመንደሩ ሬዲዮ ሁሉ ዜና ሲያሰማ ሞከረው። «ጥላሁን፣ ትሰማኛለህ?» አለ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከጋሼ ሸምሱ ሱቅ ሬዲዮ ውስጥ፣ ዜናውን አቋርጦ የአባቴ ድምፅ «ትሰማኛለህ?» አለ።

እናቴ የያዘችው ሳህን ወደቀ። አባቴ ያደረገው ነገር ያኔ ገባው፤ ያጎለበተው ድምፅ በዚያ ሽቦ ወደ ጎረቤት ሬዲዮ ገብቷል። ማን እንደሰማ ግን አናውቅም።

ጋሼ ሸምሱ ቅመም ነጋዴ ነበር፣ ከሾላ እየገዛ የሚቸረችር። ትልቁን የእንጨት ሬዲዮውን አቅፎ ገባ።

«አንተ፣ ዜና ላይ ቃል ልትሰጥ ነው? ሱቄ ውስጥ አንድ ሰው ሰምቶ ሮጦ ወጥቷል። በል ይህን ዘርግፍና ያንተን ጉድ እዚህ ክተት።»

«ሸምሱ፣ ቢያገኙት ያንተ ነው የሚሆነው።»

«ፍታ እንጂ! ወሬህ በሬዲዮም አላለቀ?»

አባቴ የሚናገርበትን ማይክሮፎን ከነገመዱ ቆርጦ እሳት ውስጥ ከተተ፤ የቀረውን በተዘረገፈው የእንጨት ሬዲዮ ውስጥ አስገብቶ ሲዘጋ የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። እህቴ እጄን በጥፍሯ ወጋችኝ፤ አልጮህኩም።

«ሸምሱ፣ በሬዲዮህ ሰው ተናግሯል ተብሏል። የታለ?»

«ይኸው፣ ጠጋኝ ቤት። ከተበላሸ ወሩ።»

አንዱ ቁልፉን አዞረው። ዝም። ወዝወዝ አደረገው፤ ውስጡ ኳ አለ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ያንን ባውቅ እዚህ ምን አመጣኝ? ዜናውን እናንተ ንገሩኝ እስቲ።»

ሰውየው ሳይወድ ሳቀ። አልጋችንን ገለባብጠው ሄዱ። ማግስቱን አባቴ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ የአጎቴን ሬዲዮ አብረው ቀበሩት፤ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ደኅንነት የሚጠይቀው እየሄደ ነበር። አባቴ ሸምግሎ በአልጋው ላይ ሞተ።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከግድግዳው ማዶ ሰው ሲያስል፣ ስልክ ሲያወራ፣ ሲስቅ እሰማለሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጭንቅላት ነቅንቀን እንተላለፋለን፤ ስሙን አላውቀውም፣ እሱም የኔን አያውቅም። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ግን አንዳንዴ ሲያስል ስሰማው፣ እንደዚያ ቀን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጥተው ስለኔ ቢጠይቁት ምን ይላል እያልኩ እቀመጣለሁ። እኔስ ስለሱ ቢጠይቁኝ?