ሃያ ካርታ ለእትዬ ደብሬ

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። እንጅባራ፣ ለሥራ ምዝገባ ከተሰለፍነው መካከል ማስረጃዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ቆሜ ሳለ ወንድሜ ከዳንግላ ደወለ። ኔትወርኩ ድምፁን እየቆራረጠው ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በሦስተኛው ሰማሁት፤ «መምህር ይልቃል አረፉ» ነበር የሚለው። ባዮሎጂ ያስተማሩን፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸውን ለተማሪ ክፍት ያደረጉት ጋሼ ይልቃል አረፉ።

ሰልፉን ትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። በዚያን ቀን መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባስ አልነበረም፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፈጸም እኔ አክስቴ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ ነበር።

ከቀብር የቀረ ሰው ስለ ሟች ለመጻፍ ቀዳሚ መሆን እንደማይገባው አውቃለሁ። ደግሞም ደክሞኛል፤ ዘንድሮ ያልደከመው ማን አለ? ነገር ግን ጋሼ አንድ አደራ ሰጥተውኝ ነበር። አደራው ምን እንደሆነና ምን እንዳደረግሁበት እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ ብትሰሙት ይቀለኛል።

የጋሼን ካርታ ያልተጫወተ ተማሪ ጥቂት ቢሆንም ለማያውቁት ልግለጽ። ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ፣ የጠመኔ ካርቶን በመቀስ እየቆረጡ በላዩ ላይ ድንች፣ ገብስ፣ ቀርከሃ፣ ፈረስ፣ ዝናብና ውርጭ ሳሉ። ከገጠር የመጡትን ልጆች እየጠየቁ የእያንዳንዱን ስም ከሥሩ በአገውኛም ጻፉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታዎቹ ከሚቀመጡበት ትልቅ ካርቶን ሃያ ካርታ መርጦ የራሱን ስብስብ ያዋቅራል፤ የጎደለውን ከጓደኛው ይለዋወጣል። ከዚያ ይዘራል፤ ዝናብ ያበቅልለታል፤ ውርጭ ያቃጥልበታል፤ የተረፈውን በፈረስ ይጭናል። አስቀድሞ አሥር ጭነት ገበያ ያደረሰ ያሸንፋል። ጋሼ ግን ከጨዋታው ይልቅ ምርጫውን ይወዱት ነበር። «ሃያውን ሲመርጥ አይታችሁት ሰውየውን ካላወቃችሁት፣ ሌላ ጊዜም አታውቁትም» ይሉ ነበር።

እኔን ያወቁኝ እንዲያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ ወደ ቤት የተመለስኩ ሰሞን ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጥግ ይዤ ስመለከት ዋልኩና ቤት ገብቼ በወረቀት አሰላሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ውርጭ ያለበት ስብስብ ይዤ መጣሁ። አምስት ጊዜ ተከታትዬ አሸነፍኩ፤ የማንም ማሳ አልበቀለም። አንዱ ልጅ ካርታውን ወርውሮ «ይቺ ሰው አይደለችም፣ በረዶ ናት!» ብሎ ተነሣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ፊት ለፊቴ ጋሼ ብቻ ቀሩ፤ ስድስተኛውን እሳቸው ተሸነፉልኝ።

«እንዲህ ያለ ዓመት እኔም አላየሁ» ብለው ሳቁ። እኔ ላለቅስ ደርሼ ነበር።

«ልጄ፣ የሚያሸንፍ ስብስብ ሠርተሻል፤ ጎበዝ ነሽ። አሁን ደግሞ ሰው አጠገቡ የሚቀመጥለት ሥሪ።»

አብረን ሠራነው። ስድስቱን ውርጭ አወጡና ሁለቱም ተጫዋቾች አብረው የሚያጭዱበትን የወንፈል ካርታ አስገቡ። ከሁለቱም ማሳ እየሰረቀ ሁሉን የሚያስቅ ዝንጀሮም ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሸንፌያለሁ። ግን ቅዳሜ ስመጣ «እዚህ ነይ፣ እዚህ ነይ» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም።

ሌላም ልጨምር። ከተማሪዎቹ አንዷ ዓይኗ ደካማ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ካርታውን አፍንጫዋ ላይ ታስጠጋለች፤ ልጆቹም ይስቁባታል። ጋሼ አንድ ቅዳሜ «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፣ ሽማግሌ ሆንኩ» አሉና ሁሉንም ካርታ በትልልቅ ፊደል እንደገና ጻፉት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደቃቅ ጽሑፍ ያለበትን መጽሐፍ ያለ መነጽር ሲያነቡ አየኋቸው። አይተውኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። እግራቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቀው ጠሩኝ።

«ለደብሬ ሃያ ካርታ ምረጭላት። ቀላል ይሁን፤ የሚያስቅ።»

«እትዬ ይጫወታሉ እንዴ?»

«ተጫውታ አታውቅም። ‹የሥራ ፈት ነገር› ነው የምትለው። እኔ ስሄድ ግን ቤቱ ዝም ይላታል። ጎረቤትማ ሞልቷል፤ የሚመጣው ሁሉ ግን ሊያለቅስ ነው የሚመጣ። አንች ልትጫወች ነይ።»

እሺ አልኩ። ካርቶኑን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩና ሰባት ጊዜ አዋቅሬ ሰባት ጊዜ አፈረስኩት። አንዱ ከበዳቸው፣ ሌላው ሰለቻቸው እያልኩ በሐሳቤ እትዬን አጫውት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስብስቡ እስካላለቀ ድረስ በራቸውን ማንኳኳት አይጠበቅብኝም ነበር። ጋሼ አለቀ ወይ ብለው ሳይጠይቁኝ አረፉ።

ረቡዕ መንገዱ ሲከፈት ዳንግላ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ እንደ ልማዱ ካርታ ይጫወታሉ። እትዬ ደብሬ በሴቶቹ መካከል ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም። የሚበላ ቢያቀርቡላቸው ሰሃኑን ወደ ጎን ይገፉታል። ሐሙስ ሠልስቱ ወጣና ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ። አግዳሚ ወንበሮቹን ስናወጣ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ባዶውን ግቢ እየተመለከቱ ነበር። ያን ጊዜም አደራውን ሳልፈጽም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጋሼ፣ በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ለእርስዎ ልንገርዎ።

ስብስቡን አልሠራሁትም። ካርቶኑን እንዳለ ተሸክሜ ሄድኩና በርዎን አንኳኳሁ። እትዬ ሲከፍቱልኝ የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ፤ «ጋሼ ልከውኝ ነው» አልኩ። አስገቡኝ። ካርታዎቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋኋቸው።

«ይኸ የሥራ ፈት ነገር ነው» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ካርታ በጣታቸው ገፋ አደረጉ። «ይኸ ምንድን ነው?»

«ውርጭ። የሰው ሰብል ያቃጥላል።»

«አውጭው ከፊቴ!»

እሱን አወጣሁ። ፈረስ አነሡ፤ ሁለተኛ አነሡ፤ ስምንት ፈረስ ደረደሩ። እኔም ያው እኔ ነኝና «ደንቡ ከሦስት ፈረስ በላይ አይፈቅድም» አልኳቸው።

«ማን ነው ያወጣው?»

«ጋሼ ናቸው።»

«የእሱን ደንብ ሠላሳ ዓመት ስሽር የኖርኩ ነኝ።»

«እሺ፤ ግን እህል አልመረጡም እኮ። ፈረሶቹ ምን ይጭናሉ?»

ፈረሶቹን አንድ በአንድ አስተካከሉ። «ምንም አይጫኑ» አሉ። «እስከ ዛሬ ተጭነዋል።»

ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው «በይ ጀምሪ» አሉኝ። በዚያ ስምንት ፈረስ ብቻ ባለው ስብስብ ማሸነፍ እንደማይቻል በአንድ እይታ ማስላት እችል ነበር፤ አላሰላሁም። እትዬ ገብሴን አይተው «ለፈረሶቼ ጥቂት ወርውሪላቸው» ብለው ሦስት ካርታ ወሰዱብኝ።

አራተኛው ዙር ላይ ሦስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለለቅሶ ተዘጋጅተው ገቡ። ምንጣፉን አይተው በሩ ላይ ደነገጡ። «አንች ደብሬ! ምን ሆነሽ ነው?» አለች አንዷ።

እትዬ ቀና ሳይሉ «ቆዩማ፣ ተራዬ ነው» አሏቸው።

ሴቶቹ ቆዩ። እርስዎም ይረፉ፣ ጋሼ።