ሆስፒታል ስገባ ለእንግዳ የያዝኩት ሻንጣ

መጀመሪያ ያየሁት ጭኔ ላይ የበለዘውን ነው። የመታኝ ነገር የለም። በሳምንቱ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ደማ። ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ስለማጸዳ የጽዳት ጋሪው መትቶኝ ይሆናል፣ ድዱም ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ጠዋት ለምርመራ ደም ሰጠሁ፤ ከሰዓት ተጠራሁ። አኪዩት ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር።

«ነገ ጠዋት ይገባሉ፤ ቢያንስ አምስት ሳምንት ይተኛሉ» አለኝ ዶክተሩ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለመዘጋጀት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለተሰጣችሁ ነው። እኔ ያንን ጊዜ እንዴት እንዳባከንኩት ስሙ። ሁለት ፔርሙዝ ያዝኩ። የወረቀት ኩባያ፣ ስኳር፣ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ ሰው ሲመጣ የምለብሰው አዲስ ቢጃማ። ባለቤቴ ዳዊት «ሆስፒታል ነው የምትገቢው ወይስ ልጅ ልትድሪ ነው?» ቢለኝ ተቆጣሁት። ጠያቂ መጥቶ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ ይመለስ እንዴ! ድዴ እየደማ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አልያዝኩም። ነጠላ ጫማ አልያዝኩም። የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ረሳሁ። አምስት ሳምንት ልተኛ ስሄድ ያሰብኩት ለሌላ ሰው ምቾት ነበር።

ነርሷ ሻንጣውን አይታ «የምትተኙት ስንት ናችሁ?» አለችና ፔርሙዞቹን ለዳዊት መለሰችለት።

ኬሞ ተጀመረ። በአሥረኛው ቀን ዶክተሩ ነጭ የደም ሴሎቼ ማለቃቸውን ነገረኝ። «አሁን ተራ ጉንፋን ሊገድልዎት ይችላል። በቀን አንድ ጠያቂ ብቻ፣ ያውም ማስክ አድርጎ። የሚያስለው ሰው አይገባም።» ገብቶኛል አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ አምልኮ እንዳለቀ ዘጠኝ ሰው ተከታትሎ መጣ። ነርሷ ኮሪደር ላይ አስቀረቻቸው። እትዬ ብዙነሽ ግን ገቡ። የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው። ፍራንክፈርት እንደመጣሁ ያስጠጉኝ፣ ቋንቋ ሳልችል ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ባለኝ ቁጥር አብረውኝ የሚሄዱ እሳቸው ነበሩ። ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱት።

«በማስክ ይጸለያል እንዴ ልጄ?» አሉ።

እጃቸውን ግንባሬ ላይ ጫኑ። መሐል ላይ አሳላቸው። ደግሞ አሳላቸው።

«እትዬ፣ ይውጡ» ማለት አቃተኝ። አሁንም ሳስበው እበግናለሁ፤ በሳቸው ሳይሆን በራሴ። ነፍሴ አደጋ ላይ ሆና እኔ ይሉኝታ ይዞኝ አሜን፣ አሜን እላለሁ!

በሦስተኛው ቀን አተኮሰኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ተንቀጠቀጥኩ። መተንፈስ አቃተኝ። ኒሞኒያ ነው ተባለ። ኦክስጅን። ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ስድስት ቀን። ዳዊት በመስታወት ያየኝ ነበር። እኔ አላየሁትም።

ሲሻለኝ ከማን እንደያዘኝ ዶክተሩን ጠየቅኩት። «ማወቅ አይቻልም። ከራስዎ ሰውነት የተነሳ ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል» አለኝ።

ሳንባዬ እያገገመ፣ የደም ሴሎቼም ቀስ በቀስ እየተመለሱ ሲሄዱ ለሦስት ሳምንት ቤቴ ገባሁ፤ ለሁለተኛው ኬሞ ሻንጣ ስይዝ ግን ለስላሳ ብሩሽ፣ ረጅም የቻርጀር ገመድ፣ የሚታጠብ ነጠላ ጫማና ደረቴ ላይ ላለው የመድኃኒት መስጫ ቱቦ እንዲመች ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ብቻ ከተትኩ። ከሁሉ የከበደኝ ስልክ መደወሉ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ በዚህኛው ዙር እንዳይመጡ። ማንም እንዳይመጣ።»

«እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ?» አሉኝ።

«ዶክተሩም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ግን ያን ቀን ፈርቼ ነበር። መናገር አፈርኩ።»

ስልኩን ዘጉት። ተቀየሙኝ ብዬ አለቀስኩ። ለካ ወዲያው ለጉባኤው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየደወሉ፣ ሆስፒታሉ ደጃፍ ማንም ዝር እንዳይል አስጠንቅቀው ኖሯል። ከዳዊት በቀር አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልመጣም። ያም አናደደኝ፤ ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ እሺ ይላል?

ምክሬ ይኸው ነው። ከሻንጣው በፊት በእናንተ ፈንታ «አይቻልም» የሚል፣ ይሉኝታ የማያውቅ ሰው አዘጋጁ። ምግብ ላምጣ የሚላችሁን ወደ ቤታችሁ ላኩት፤ እዚያ የሚበላ ሰው አለ። ዶክተሮቼን፣ ያችን ነርስና ዳዊትን ከልቤ አመሰግናለሁ።

የመቅኔ ምርመራዬ ንጹሕ ሆኖ ኒድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በተመለስኩ በሳምንቱ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመዋል።

«ልግባ ወይስ ከዚሁ ልጸልይልሽ?» አሉኝ።

ከተዋወቅን ጀምሮ አንድም ቀን ፈቃድ ጠይቀውኝ አያውቁም። እንባዬ መጣ።

«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ እትዬ፤ ከዚያ ይግቡ» አልኳቸው። ይህችን ለማለት ሁለት ዙር ኬሞ ፈጅቶብኛል።